ተከትባ የሞተችው ቡችላ

ክሩን፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ያለውን የጥያቄና መልስ ሰንሰለት፣ የከፈተው ሰውዬ ጥያቄ አጭር ነበር። የእሱ ቡችላ በ7 ሳምንቷ ተከተበች። በ11 ሳምንቷ በፓርቮ፣ ቡችሎችን በሚገድለው የአንጀት ቫይረስ፣ ሞተች። አሁን ሌላ ቡችላ ሊያሳድግ አስቧል። ይቺኛዋ 8 ሳምንት ሊሞላት ነው። ክትባት ካላዳነ ምን ይሠራል ነው ነገሩ።

ጽሑፉ ንዴት አለበት። መሃል ላይ ግን አንድ ነገር ጣል አድርጓል። በመጨረሻው ቀን ቡችላዋ አገጯን የውሃ ሳህኗ ጠርዝ ላይ አሳርፋ፣ ውሃውን እያየች፣ ሳትጠጣ ነው የዋለችው። ፓርቮ የያዘው ውሻ ያስታመመ ሰው ይህን አተኛኘት ያውቀዋል። ይጠማቸዋል፤ ግን የጠጡት ሁሉ ተመልሶ ይወጣል። ከታች ደግሞ ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ።

እኔ ክሩ ላይ የደረስኩት መልሶቹ 20 ካለፉ በኋላ ነው። ያለችኝ ድመት ናት፤ ውሻ የለኝም። ቢሆንም ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። መጨረሻ ላይ አላስችል ብሎኝ ራሴም ጻፍኩ፤ ተሳሳትኩም። እሱ ጋ እንደርሳለን።

1ኛውና 2ኛው መልስ ማጽናኛ ናቸው። 3ኛው ግን ወደ ነገሩ ገባ። በትህትና፣ "እርስዎ" እያለ፣ ቡችላዋ ስንት ጊዜ እንደተከተበች ጠየቀ። ሰውዬው በ4ኛው መለሰ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ቀጣዩ በዓመቱ ነው ተብሎ ነበር። ማን እንዳለው አልጻፈም፤ ባይጽፍም ይሻላል።

5ኛው ላይ ትህትናው አለቀ። ጸሐፊው ገና ከመጀመሪያው ቃል "አንተ" ብሎ ነው የገባው። አንድ መርፌ ወግቶ ተከትባለች ማለት ራስን ማታለል እንደሆነ፣ ጥፋቱም የቫይረሱ ሳይሆን የባለቤቱ እንደሆነ ሳያቅማማ ተናገረ። 6ኛዋ ሐዘን ላይ ላለ ሰው እንዲህ አይባልም ብላ ተቆጣች። 7ኛው ደግሞ 6ኛዋን ተቆጣ። ለሦስት መልስ ያህል ቡችላዋ ተረሳች።

ክሩን ያዳነው 8ኛው መልስ ነው። ጸሐፊው የእንስሳት ሐኪም ነኝ አላለም፤ አጻጻፉ ግን ብዙ ቡችላ በእጁ ያለፈበት ሰው ያስመስለዋል። የጀመረው ከእንገር ነው። ቡችላ ከተወለደ በኋላ ባለው የመጀመሪያው ቀን የሚጠባው እንገር የእናቱን አንቲቦዲ፣ ማለትም በሽታ ተከላካይ፣ ይዞለት ይገባል። ይህ አንቲቦዲ ለሳምንታት ይጠብቀዋል። ችግሩ፣ ጠባቂው ወዳጅና ጠላት አይለይም። ክትባቱ ውስጥ ያለውን የተዳከመ ቫይረስም እንደ እውነተኛው ቆጥሮ ያጠፋዋል። የቡችላው የራሱ ሰውነት ምንም ሳይማር መርፌው ባክኖ ይቀራል።

የእናትየው አንቲቦዲ በየሳምንቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ግን በሁሉም ላይ እኩል አይቀንስም። ከአንድ ማህፀን የወጡ ቡችሎች መሃል እንኳ አንዱ በ8 ሳምንቱ ባዶውን ሲቀር ሌላው እስከ 14 ሳምንት ሊያቆየው ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው መሃል ያለው ጊዜ ነው። አንቲቦዲው በሽታውን ለመመለስ አንሷል፤ ክትባቱን ለማክሸፍ ግን ገና በቂ ነው። ያቺ ቡችላ ምናልባት እዚያ መሃል ላይ ነበረች አለ 8ኛው። ለዚህ ነው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ተጀምሮ፣ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ እየተደገመ፣ የመጨረሻው መርፌ 16 ሳምንት ሲሞላ ወይም ከዚያ በኋላ የሚሰጠው።

እውነቱን ለመናገር እኔ ለዓመታት የሚመስለኝ ሌላ ነበር። ክትባቱ እንደ ግድግዳ ምርጊት አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ የሚጠነክር ይመስለኝ ነበር። 8ኛው እንደሚለው ነገሩ በር ማንኳኳት ነው። በሩ በየትኛው ሳምንት እንደሚከፈት ከውጭ ስለማይታወቅ ደጋግሞ ማንኳኳት ነው። ዋናው የመርፌው ብዛት አይደለም። ዋናው የመጨረሻው መርፌ የተወጋበት ዕድሜ ነው። ሁለት ጊዜ ተከትቦ በ16 ሳምንቱ የጨረሰ ቡችላ፣ ሦስት ጊዜ ተከትቦ በ12 ሳምንቱ ካቆመው የተሻለ ተስፋ አለው።

9ኛዋ ጥሩ ጥያቄ አነሳች። ታዲያ 16 ሳምንት ድረስ ጠብቆ አንዴ መወጋት ለምን አይበቃም? 10ኛው፣ በሩ ቀድሞ የተከፈተበት ቡችላ እስከዚያ ባዶ ሜዳ ላይ ይቀራል ሲል መለሰላት። በ11ኛው 8ኛው ሰውዬ ተመልሶ መጣ። ፓርቮን፣ ዲስቴምፐርን (ሳንባንና አንጎልን የሚያጠቃ ቫይረስ) እና የውሻን ተላላፊ የጉበት በሽታ የሚከላከለው ክትባት የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ፣ የእናት አንቲቦዲ ከሌለ አንዱ መርፌም ብዙ ጊዜ ሥራውን እንደሚሠራ ገለጸ። የእብድ ውሻ በሽታና የሌፕቶስፓይሮሲስ (በአይጥ ሽንት የሚተላለፍ ባክቴሪያ) ክትባት ግን የተገደለ ተዋሲያን ነው። የሌፕቶው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ መሰጠት አለበት፤ በየዓመቱም ይደገማል። የእብድ ውሻው ከ12 ሳምንት ጀምሮ አንዴ ይሰጥና በዓመቱ ይደገማል። ካርድ ላይ ሁሉም በአንድ ረድፍ ስለሚጻፉ ሰው አንድ ዓይነት ይመስሉታል።

12ኛው መልስ ግጭት ይዞ መጣ። ሰውዬው ትንሽ ውሻ እንዳለው፣ ሁልጊዜም ግማሽ መጠን ብቻ እንደሚያስወጋት፣ 6 ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አሟት እንደማያውቅ ጻፈ። በትህትና ነው የጻፈው። የተመለሰለት ግን በትህትና አይደለም። 13ኛዋ፣ ክትባት እንደ ትል መድኃኒት በኪሎ የሚለካ እንዳልሆነ፣ ለትንሿ ቺዋዋም ለግዙፉ ግሬት ዴንም አንድ ብልቃጥ አንድ እንደሆነ ነገረችው። የሰውነት መከላከያ እንዲነቃ የሚያስፈልገው መጠን ታውቆ ነው የተቀመጠው፤ ግማሹ ምን እንደሚሠራ ዋስትና የሰጠ የለም። 14ኛው ጨመረበት። ሌባ መጥቶ ሳይፈትነው ቁልፌ ጠንካራ ነው አይባልም የሚል ነገር ነው የጻፈው። ከዚያ በኋላ 12ኛው ጠፋ። ትንሽ አሳዘነኝ፤ ያለውን በቅንነት ነበር ያካፈለው።

15ኛዋ መልስ ታሪክ ናት። ጸሐፊዋ አንድ ጊዜ ውሻዋን ልታስከትብ ሄዳ ብልቃጡን መስኮት ጠርዝ ላይ፣ ፀሐይ እየመታው አገኘችው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ እንዳለበት ታውቃለች። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ሌላ ካለ ብላ ጠየቀች። ከታቢው ተከፋ። እሷም ሳታስከትብ ውሻዋን ይዛ ወጣች። እንደ ባለጌ መቆጠሯ እስካሁን ይቆጫታል መሰለኝ፤ ሁለቴ ነው ያነሳችው።

16ኛው ከእሷ ታሪክ ተነስቶ ጠቃሚ ነገር ጻፈ። አብዛኛው የቡችላ ክትባት በሁለት ብልቃጥ ነው የሚመጣው። አንዱ ሥር ላይ ነጣ ያለ ደረቅ ነገር ተጋግሮ ይታያል። ሌላው ፈሳሽ ነው። ሁለቱ የሚቀላቀሉት በሚወጋበት ሰዓት ነው፤ ተቀላቅሎ የቆየ ሲሪንጅ ተቀባይነት የለውም። የተገደለ ተዋሲያን ያለበት ክትባት ደግሞ በረዶ ከሠራ ይበላሻል። ብልቃጡ ላይ ያለችው ተለጣፊ ወረቀት ተልጣ ካርዱ ላይ መለጠፍ አለባት፤ የምርት ቁጥሩም ማብቂያ ቀኑም እዚያ ላይ ነው። በባዶ ካርድ ላይ በእስክሪብቶ ፓርቮ ብሎ መጻፍ ማስረጃ አይሆንም።

ከ4ኛው መልስ ወዲህ ባለ ጥያቄው ዝም ብሎ ነበር። በ17ኛው ተመለሰ። ንዴቱ በርዷል። አሁን የሚጠይቀው ስለ ቤቱ ነው። አዲሷ ቡችላ የምትገባው የመጀመሪያዋ የሞተችበት ቤት ነው።

ፓርቮ ግትር ቫይረስ ነው ብሎ ጀመረ 18ኛው። ከቤት ውጭ ጥላ ባለበት አፈር ላይ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ተራ ሳሙናም የእጅ አልኮልም አይገድለውም። የሚገድለው በረኪና ነው፤ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ። ግን መጀመሪያ ቆሻሻው በደንብ መታጠብ አለበት፣ ምክንያቱም በረኪና ቆሻሻ ላይ ሲፈስ ኃይሉን ያጣል። ከዚያ ወለሉ ለ10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ሰው ጠርገግ አድርጎ ወዲያው ያደርቀዋል፤ ያ ከንቱ ድካም ነው። የድሮዋ ቡችላ ሳህን፣ ምንጣፍና መጫወቻ ቢጣሉ ይመረጣል። ግቢው አፈር ከሆነ ግን በበረኪና አይጸዳም። ስለዚህ ቡችላዋ ክትባቷን እስክትጨርስ ባትመጣ ነው የሚሻለው።

እዚሁ መልስ ላይ በአንድ መስመር ያለፈው ነገር ነበር፤ ለእኔ ግን ትልቅ ነው። ቫይረሱ በጫማ ሶል ይገባል። እንግዲህ ውሻዬ ከግቢ አይወጣም የሚለው ሰው ራሱ ይወጣል፤ ተመልሶም ይገባል።

19ኛዋ፣ ፓርቮ ድመትንም ይይዝ እንደሆነ ጠየቀች፤ 20ኛውም ያገኛት ቀዳዳ ይህች ናት። ታሪክ ይወዳል ሰውዬው። የውሻ ፓርቮ የታወቀው እ.ኤ.አ. 1978 አካባቢ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረ ውሻ አያውቀውም። የመጣው ከድመት ፓንሉኮፔኒያ ቫይረስ (የድመት ገዳይ የአንጀት በሽታ ከሚያመጣው) ጋር በጣም ከሚቀራረብ ዘመድ ሲሆን፣ በሁለት ዓመት ገደማ ዓለምን አዳረሰ። በኋላ የመጡት ዝርያዎቹ ድመትንም ሊይዙ ይችላሉ። ከዚያ ወደ ዲስቴምፐር ተሻገረ። ዲስቴምፐር የሰው ኩፍኝና የከብት ደስታ በሽታ የአጎት ልጅ ነው። ድሮ የእናት አንቲቦዲን ለማለፍ ሲባል ቡችሎች የሰው የኩፍኝ ክትባት ይወጉ ነበር። ደስታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር ጠፍቷል ተባለ፤ ዲስቴምፐር ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 የሴሬንጌቲ አንበሶችን አንድ ሦስተኛ ያህል ጨርሷል። 21ኛው፣ ሰው ስለ ቡችላ ሲጠይቅ አንበሳ ምን አመጣው ብሎ አሾፈበት። እኔ ግን የኩፍኙን ነገር ወድጄዋለሁ።

22ኛው መልስ ድመት ብቻ ካለው ሰው ነው። ድመቱ ከቤት አትወጣም። ምን ያስፈልጋታል ይላል።

23ኛው እኔ ነኝ። በሙሉ ልብ ነው የጻፍኩት። የእኔም ድመት ከቤት አትወጣም፤ ሆኖም በየዓመቱ ሁሉንም ክትባት አስወጋታለሁ፤ ካርዷ ላይ 11 ማኅተም አለ፤ እናንተም እንደዚያው አድርጉ አልኩ። ትንሽ ጉራም ነበረበት።

24ኛዋ በጣም በጨዋነት አረመችኝ። እንዲህ ያለ እርማት ከስድብ ይበልጥ ያማል። የፓንሉኮፔኒያው መከላከያ ለዓመታት ይቆያል። የግልገልነት ክትባቷን ጨርሳ በዓመቷ ገደማ ማጠናከሪያውን የወሰደች፣ ብቻዋን ቤት የምትውል ድመት፣ ከዚያ በኋላ ከ3 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ መደገም አያስፈልጋትም። ጉንፋን መሰል በሽታ የሚያመጡት የሄርፐስና የካሊሲ ቫይረሶች ክትባት ደካማ ነው። በሽታው እንዳይይዛት አያደርግም፤ ሲይዛት ቀለል እንዲል ያደርጋል። ከሌሎች ድመቶች ጋር የምትቀላቀል ከሆነች ነው በየዓመቱ የሚታሰበው። የሉኪሚያው፣ የድመት የደም ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ ክትባት፣ ለግልገሎችና ውጭ ለሚወጡ ነው፤ ያውም ደሟ ተመርምሮ ነጻ መሆኗ ከታወቀ በኋላ። የእብድ ውሻው ብልቃጡ ላይ በተጻፈውና ሕግ በሚለው መሠረት።

25ኛው ደግሞ ብዙ መወጋት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም ብሎ አከለ። በድመቶች ላይ መርፌ በተወጋበት ቦታ ካንሰር ሊወጣ ይችላል። በጣም ጥቂት ነው፤ ከ10 ሺህ በአንዷ ገደማ። ለዚህ ሲባል በማጅራት ፋንታ እግር ዝቅ ብሎ ወይም ጅራት ላይ መውጋት ይመከራል። ጭካኔ የሚመስል ምክንያት አለው፤ እግርና ጅራት ይቆረጣል፣ ማጅራት አይቆረጥም። እብጠቱ ከ3 ወር በላይ ከቆየ፣ ከ2 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ፣ ወይም ከመርፌው አንድ ወር በኋላም እያደገ ከሆነ መታየት አለበት።

ይህን አንብቤ ተነስቼ ድመቴን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት። ማጅራቷን በጣቴ ጫፍ ዳበስኩ። ምንም የለም። ነከሰችኝ።

26ኛው የጠበቀው ይህንኑ ነበር። ካንሰር የሚለውን ቃል ይዞ ገባ። ታዲያ ክትባት ራሱ ይገድላል ማለት ነው፣ የሚነግዱበት ሰዎች ደብቀውን ነው አለ። 27ኛዋ በንዴት፣ በአብዛኛው በጥያቄ ምልክት መለሰችለት። ከ10 ሺህ አንዷን ለማዳን 9 ሺህ 999ኙን ለፓርቮና ለፓንሉኮፔኒያ እንስጥ ወይ ነው የንግግሯ ፍሬ ነገር። ሁለቱ ሊቀጥሉ ነበር።

28ኛው አስቆማቸው። ጩኸት የለበትም። ልጅ እያለ የጎረቤት ውሻ ባቱን ነከሰው። ውሻው በማግስቱ ጠፋ። የክትባት ካርድ አለው ወይ ሲባል ባለቤቶቹ ዝም አሉ። እናቱ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ስታጥብ ረጅም ጊዜ ቆየች፤ ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባውም። አሁን ያውቃል፤ 15 ደቂቃ መታጠብ አለበት። ከዚያ ተከታታይ መርፌ ተወጋ። የሚያስታውሰው ግን የመርፌውን ሕመም አይደለም። እናቱ በየማታው ውሃ አቅርባለት ሲጠጣ በትክክል መዋጡን ታይ ነበር።

ቁጥሮቹን ያስቀመጠው ከዚያ በኋላ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱን አንዴ ካሳየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በዓመት 59 ሺህ ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል። ከ100 ውስጥ 99ኙ ያህል ከውሻ ነው የሚተላለፍባቸው። ከሟቾቹ 40 በመቶ የሚሆኑት ከ15 ዓመት በታች ልጆች ናቸው። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ግን ሰንሰለቱ ይበጠሳል። የመጀመሪያው ሰው የፈረንሳዊውን ሳይንቲስት የፓስተርን የእብድ ውሻ ክትባት የወሰደው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1885 ነው፤ የ9 ዓመት ልጅ ነበር።

26ኛው ሰውዬ በ29ኛው ተመልሶ፣ የእብድ ውሻው ሌላ ነገር ነው፣ እሱን አልተቃወምኩም አለ። ተቃውሟል፤ ማንም ግን አላነሳበትም።

30ኛዋ ስለ አለርጂ ጻፈች። ውሻዋ ተወግታ 20 ደቂቃ ሳይሞላ የዓይኗ ቆብ አብጦ ዓይኗን ከደነው፤ ከንፈሯም ተንጠለጠለ። ደግነቱ ገና የክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ነበሩ፤ ሐኪሙ መርፌ ወግቷት ዳነች። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው መቆየት ነው። ጠዋት ማስከተብም ይሻላል፤ ማታ ከሆነ የሚረዳ አይገኝም። አንድ ቀን ድብርት ማለትና የተወጋበት ቦታ ትንሽ ማበጥ ግን የተለመደ ነው።

31ኛው ሁላችንም የረሳነውን አነሳ። ቡችላ ክትባቱን እስኪጨርስ ክፍል ውስጥ ቢዘጋበት ከፓርቮ ይድናል፤ ግን ፈሪ ውሻ ሆኖ ያድጋል። ከ3 እስከ 14 ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ ዓለምን የሚለምድበት ነው። መሬት ሳይነካ ታቅፎ ይውጣ፣ ሰውና መኪና ይይ፣ የተከተቡ ጤነኛ ውሾች ካሉበት ንጹሕ ቤት ይጫወት ይላል። 5ኛው ሰውዬ፣ ያ ተሳዳቢው፣ እዚህ ላይ ብቅ ብሎ ተስማማ። ይቅርታ ግን አልጠየቀም።

ከዚያ ክሩ ተበተነ። 32ኛዋ የአዲሷ ቡችላ ስም ማን ይሁን ብላ ጠየቀች። 33ኛው የሟቿን ስም መድገም ደግ አይደለም አለ። 34ኛዋ ውሻ ስሙን እንጂ የስሙን ታሪክ አያውቅም ብላ ተከራከረች።

35ኛው ራሱ ባለ ጥያቄው ነው። የእናትየው ባለቤት ቡችላዋን ክትባቷን እስክትጨርስ ሊያቆይለት ተስማምቷል። እዚያ ከእናቷና ከወንድሞቿ ጋር ትቆያለች። የካርዱን ፎቶ ለጠፈ። ሦስት የክትባት ቀኖች ተጽፈዋል፤ በ9፣ በ12 እና በ15 ሳምንቷ።

36ኛው መልስ የ9ኛዋ ናት፤ ያቺ ለምን አንዴ አይበቃም ያለችው። ሳምንቶቹን ቆጥራ የመጨረሻው 16 ላይ አለመድረሱን አየች። አንድ ሳምንት ይገፋ አለች፤ ከ12 እስከ 16 ያለው ልዩነት 4 ሳምንት ስለሆነ ችግር የለውም። በ26 ሳምንቷ የሚሰጠውን ማጠናከሪያም ዓመት ሳይጠብቅ አሁኑኑ እንዲጽፈው ነገረችው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ በ37ኛው ሌላ ፎቶ መጣ። ሦስተኛው ቀን በእስክሪብቶ ተሰርዞ ከላዩ አዲስ ተጽፎበታል። ከሥሩ አራተኛ መስመር ተጨምሯል። ከካርዱ ጥግ የቡችላዋ አንድ ጆሮ ይታያል።

38ኛው፣ ድመቱ የትል ክኒን ሲሰጣት አረፋ እየደፈቀች እንደምትተፋበት ጽፎ መላ ጠየቀ። ሦስት ቀን ሆነው፤ እስካሁን የመለሰለት የለም።